የዶን ናቦር ዱካ

አበልጄ ዶን ናቦር ሴላያ ሰባ አራት ዓመት ሲኖር፣ የት ነህ ብሎ የጠየቀው ሰው በጣት ይቆጠራል። ሚስቱ አምፓሮ ትጠይቀው ነበር፤ ሞተች። ልጁ ሩቤን ፊኒክስ ነው የሚኖረው፤ ለገና ይደውላል፣ ሁለት ደቂቃ ያወራል፣ በቃ። ከዚያ የቀረሁት እኔ ነኝ። እኔ ኦብዱሊያ፣ በዚህች የመዳብ ከተማ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጬ ጡረታ የወጣሁት። ማዕድኑ ተዘጋ፣ ወጣቱ ተበተነ፣ እኛ አሮጌዎቹ ማዕድኑ ከተወው የአፈር ክምር ስር ቀረን። ስለ ናቦር የሚናገር ሌላ ሰው ስለሌለ እኔው ልናገር።

ልጆች ሆነን አንድ መንገድ ላይ ነው ያደግነው፤ ያኔ አንተና አንቺ ነበርን። ልጄን ግሪሴልዳን ክርስትና ካነሳልኝ ወዲህ ግን እንደ ወጋችን አንቱ መባባል ጀመርን። በአፌ አንቱ ልበለው እንጂ በሆዴ ያው ከአጥራችን ሮማን እየሰረቀ የሚሮጠው ናቦር ነው። ስለዚህ እሱ እያልኩ ባወራ ቅር አይበላችሁ።

ዝምተኛ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት የድማሚት ጩኸት ሰምቶ አንድ ጆሮው ደክሟል። አምፓሮ ስትሞት ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ጠዋት ጠዋት የሚያወራው ከውሻው ጋር ነበር፤ ውሻውም አረጀና ሞተ። አንድ ቀን ከሱቅ ስንመለስ፣ «አበልጅ፣ ዛሬ ባለሱቁን ሰላም ስለው የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ» አለኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ከሰው ጋር አላወራም ነበር ለካ። ቀኑ ደግሞ ማክሰኞ ነበር። አንጀቴን በላው፤ ግን ምን እላለሁ፣ እኔም ከእሱ ብዙ አልሻልም።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ የሚሄድበት ነበረው። ከሜክሲኮ ድንበር አርባ ማይል ነን። በእግራቸው የሚሻገሩት ሰዎች በዚህ በረሃ ያልፋሉ፤ የሚያልፉት ያልፋሉ፣ የማያልፉት እዚያው ይቀራሉ። ናቦር ገና የማዕድን ሠራተኛ ሳለ አጋዘን ሊያድን ወጥቶ ከዛፍ ስር የተቀመጠ ሰው አገኘ። ሰውዬው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ናቦር ሰላም አለው፤ አልመለሰም። ደግሞ ሰላም አለው። ሞቶ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አደን ተወና ከአምፓሮ ጋር በፕላስቲክ ጋሎን ውኃ እየሞሉ በሸለቆዎቹ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመሩ። እሷ ስትሞት ብቻውን ቀጠለ። ጋሎኑ ላይ የሞላበትን ቀን ይጽፍበታል፤ የቆየ ውኃ ነው ብሎ የሚፈራ ሰው እንዳይኖር።

ድንበር ጠባቂዎቹ ይህን ሥራ አይወዱትም። የአፈር መንገዶቹን ከመኪና ኋላ ጎማ እየጎተቱ ልስልስ ያደርጓቸዋል፤ ሲነጋ ይመጡና ማን ረግጦት እንዳለፈ ያነባሉ። ናቦር ደግሞ ለእነሱ የሚመች ሰው አልነበረም። መኪናውን ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ አያቆምም። ከጫማው ስር የአሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ አስሮ ነው መንገዱን የሚሻገር። ድንጋይ ካገኘ በድንጋይ ላይ ይሄዳል፤ አሸዋ ላይ ከወረደ ኋላውን በቅርንጫፍ እየጠረገ ነው። ወረቀት ላይ ምንም አይጽፍም። «የእኔን ዱካ ውሻም አያገኘው» ይለኝ ነበር። በሕይወቱ የኮራበት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው።

ለአንድ ሰው ግን ይናገራል፣ ለእኔ። ይህ የበረሃ ሕግ ነው። ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ ለአንድ ሰው ሳይናገር በረሃ የሚገባ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሞኝ ነው። ስለዚህ ጠዋት በጓሮ በር ብቅ ይልና የዚያን ቀን የትኛው ሸለቆ እንደሚገባ ይነግረኛል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቤቴ በኩል ሲመለስ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ያሰማል። እኔም እጄን ከሳህን ማጠቢያው አውጥቼ ተመስገን እላለሁ። ክላክሱ ካልተሰማ ሰው ይላክ ማለት ነው። አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

ስልኩን የገዛለት ሩቤን ነው። ክረምት ላይ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ሌላ ቦታ የዘነበ ዝናብ ደረቁን ሸለቆ ሞልቶ ይመጣና ሰው ይወስዳል። ስለዚህ የአካባቢው ሰው ሁሉ ጎርፍ ሲመጣ የሚያስጠነቅቅ አፕ ስልኩ ላይ አለው፤ በነፃ ነው። ናቦር አፑን ያስገባ ቀን፣ አፑ የት እንዳለህ እንዳውቅ ትፈቅድልኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ስልኩን ይዞ ወደ እኔ መጣ፤ ምን ልበለው አለኝ። «እሺ ይበሉት እንጂ! የት እንዳሉ ካላወቀ ጎርፍ መጣብዎት ብሎ እንዴት ይነግርዎታል?» አልኩት። የእሱ ጣት ወፍራም ነው፤ ሌላ ሌላውን እየነካ አስቸገረው። እሺ የሚለውን የተጫንኩለት እኔ ነኝ። በዚህችው ጣቴ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ የድሮ የማዕድን ዘበኞች ይቀመጡባት በነበረች ጎጆ ውስጥ አንዲት ሴት አገኘ። ኢዱቪና ትባላለች፤ ከጓቲማላ ነው የመጣችው፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ቁርጭምጭሚቷ ዞሮ እንደ ዱባ አብጧል፤ አብረዋት የነበሩት ጥለዋት ሄደዋል። ሐኪም ጋ ልውሰድሽ ቢላት አይሆንም አለች። ልጇ በሰሜን በኩል አንድ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ስምንት ዓመት አላየቻትም። ሐኪም ጋ ብሄድ ይይዙኛል፣ ከሚመልሱኝ እግሬ ይቅር አለችው። ናቦር ምን ያድርግ? እዚያው አስቀመጣትና ወደ እኔ መጣ። ቅባት፣ የተቀደደ አንሶላ፣ አደንጓሬና ቶርቲያ የምንለውን የበቆሎ ቂጣ ሰጠሁት። በየቀኑ ይመላለስ ጀመር።

እግዜር ምስክሬ ነው፣ በዚያ ሰሞን ናቦር ሌላ ሰው ሆነ። ፂሙን ተላጨ። ሸሚዙን ተኮሰ። የጓሮ በር ላይ ቆሞ ያወራ የነበረው ሰው ቁጭ ብሎ ያወራኝ ጀመር። ኢዱቪና ጋሎኑ ላይ የተጻፈውን ቀን አይታ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነው እንዴ ብላ እንደሳቀችበት ሦስት ጊዜ ነገረኝ። «ፂምዎን የሚላጩት ለቁልቋሉ ነው?» ብዬ ነካሁት። ደህነኛው ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። እኔም ትንሽ ቅናት ቢጤ ተሰማኝ፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ግን ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ልጇ የላከችው ሰው በመኪና መጥቶ ከአውራ መንገዱ ሊወስዳት ተቀጣጥረው ነበር።

ረቡዕ በቀትር ጠባቂዎቹ መጡ። ውሻ አልያዙም፣ ዱካ አላነበቡም፣ ወዲያ ወዲህም አላሉም። ሁለት መኪና ቀጥ ብሎ መጥቶ ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ቆመ። ናቦር ተንበርክኮ እግሯን እያሰረላት ነበር። እሷን በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንዱ በጨርቅ እንዳለች ወሰዷት። ለእሱ ሰው በመደበቅ ተከሰሃል የሚል ወረቀት ሰጡት። ኢዱቪናን በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አገሯ መለሷት። ልጇን አላየቻትም።

እሷን በያዟት ቀን ወደ ማታ ናቦር መጣ። በጓሮ በር አልነበረም፣ እንደ እንግዳ በፊት ለፊት በር አንኳኳ። ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። አልቀመጥም አለ።

«አበልጅ፣ ለማን ነገሩ?»

«ምን አሉኝ?»

«ቦታውን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን። እሷ አልተናገረችም። እኔ አልተናገርኩም።»

እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ይህ ሰው ያውቃል። አንድ ጊዜ የወረዳው የፖሊስ አለቃ፣ ሸሪፉ ራሱ መስኮቴ ላይ መጥቶ፣ የአንድ ልጅ ደብዳቤ ውስጥ ምን እንዳለ ልይ ብቻ ብሎ ለምኖኛል። የዳኛ ማዘዣ ይዘው ይምጡ፣ ያኔ መቀሱንም እኔው አቀብልዎታለሁ ብዬ በመጣበት መለስኩት። ከተማው ሁሉ ያወራው ነገር ነው። ናቦር ራሱ ነው ያኔ መጥቶ ጀግና ያለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ምስጢር በእጄ አልፎ አንድም ቀን አልነካሁም። እና ዛሬ እሱ፣ ከሰው ሁሉ እሱ፣ ደጄ ላይ ቆሞ ለማን ሸጥሽኝ ይለኛል? ደሜ ፈላ። ምን እንዳልኩት አንድም ሳልረሳ አስታውሳለሁ።

«ውጣ! ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ!»

አርባ ዓመት ያልተባባልነው አንተ ከአፌ ወጣ። ባርኔጣውን አደረገና ሄደ።

አምስት ወር ተዘጋጋን። ቤተ ክርስቲያን እሱ በግራ በር፣ እኔ በቀኝ በር። ረቡዕና ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጄ ሳህን ላይ፣ ጆሮዬ መንገድ ላይ ነው፤ ክላክስ የለም። ባሌ ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ግሪሴልዳ ካሊፎርኒያ ናት፣ ከእሱ ሌላ ማን አለኝ? ግን እልህ ይዞኛል። መጥቶ ይቅርታ ይበለኝ፣ በአፉ ይበለኝ እያልኩ ጥርሴን ነከስኩ። ሌሊት ደግሞ ማን ይሆን የነገረባቸው እያልኩ ሳሰላስል አድራለሁ። ስልኬ ትራሴ አጠገብ እያበራ፣ እሱን ማን ይጠረጥረዋል?

መስከረም ውስጥ አንድ ረቡዕ ጠዋት የደጄን የፖስታ ሳጥን ስከፍት ቡናማ ወፍራም ፖስታ አገኘሁ። ስም የለበትም። ቴምብር የለበትም። ማን እንዳስቀመጠው አላወቅሁም ብል ቅጥፈት ነው፤ አፉ የታሸገው በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ነበር። ናቦር ከጫማው እስከ መነጽሩ የሚጠግነው በእሱ ነው። ልቤ ዘለለ። ወዲያው ግን የድሮው እልህ መጣና፣ እንዴ፣ ይህ ሰው ተሳስቻለሁ ለማለት እንኳ ስሜን መጻፍ አቃተው? አልኩ። ቴምብር የሌለው ነገር ሳጥን ውስጥ ማስገባት ደንቡም አይፈቅድም። ስምሽ የሌለበትን ፖስታ አትክፈቺ፤ እኔ ይህን ሕግ ለሸሪፍ ያላጠፍኩት ለናቦር አላጥፈውም። ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጥኩት። አንኳኩቶ ስሜን ጠርቶ ይስጠኝ ብዬ።

ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ክላክስ አልነበረም። ግን አምስት ወር ሙሉ ስላልነበረ ምንም አልመሰለኝም።

ሐሙስ ዕለት ፖስታውን ሁለት ጊዜ አንስቼ መለስኩት። እንዳይፈነዳብሽ ብዬ በራሴ ሳቅሁ። ያን ሳቅ ሳስታውሰው እስከ ዛሬ ያመኛል።

ዓርብ ጠዋት ሩቤን ደወለ። ትናንት አባቴ ጠበቃ ጋ ቀጠሮ ነበረው፣ አልሄደም፤ ስልኩንም አያነሳም አለኝ። ጉልበቴ እየተንቋቋ ሮጥኩ። የጓሮ በሩ ክፍት ነው። መኪናው የለም። ስልኩ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ነበር። ናቦር ስልኩን ትቶ በረሃ ገብቷል። ወዴት እንደሄደ ለማን ነገረ? ያኔ ነው የገባኝ። ወደ ቤቴ ተመልሼ ፖስታውን በዳቦ ቢላ ቀደድኩት።

ሁለት ወረቀት ነበረው። አንደኛው በማሽን የታተመ የአካባቢያችን ካርታ ነው፤ ላዩ ላይ ቀያይ ነጥቦች፣ ጎኑ ላይ ቀንና ሰዓት። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የናቦር ሕይወት እዚያ ላይ ነበር። ሌሊት ሌሊት ቤቱ። ማክሰኞ የአምፓሮ መቃብር። ጎጆዋ ላይ አሥራ አንድ ቀን። ከቀረው ነጥብ ብዙው የተከመረው አንድ ቦታ ነው፣ በእኔ አጥር ጥግ፣ መንገዱን የሚጋርደው ዛፍ ስር። እሁድ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ከአርባ። የሚቀጥለው እሁድም። የሚቀጥለውም። አንድ እሁድ አልተዘለለም። ከድታኛለች ብሎ እያመነ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቤቴን እያየ ይመለስ ነበር። ደጄን እንዳትረግጥ ብዬው አልነበር? አልረገጠም።

ሁለተኛው ወረቀት በእርሳስ በእጁ የሳለው ካርታ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ምልክት አድርጎበታል። ወረቀት ላይ ምንም የማይጽፈው ሰው ከስሩ እንዲህ ጽፏል፦

«ዱሊያ፣ አንቺ አይደለሽም። ስልኩ ነው። ሸጠውኛል፤ ጠበቃዋ አሳየችኝ። ስልኩን ቤት ትቼዋለሁ። ዛሬ ከቄሱ ገደል ጀርባ ባለው ሸለቆ ነኝ፣ አዲስ ቦታ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክላክስ ካልሰማሽ ሰው ላኪ። ስመለስ ከፈቀድሽልኝ ደጅሽን እረግጣለሁ። ናቦር።»

የጠራኋቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያን የእርሳስ ካርታ ይዘው ሄዱ። በቀትር አገኙት። ዱካ እንዳይተው በድንጋዩ ላይ ሲሄድ ምንጣፉ አንሸራቶት ዳሌው ተሰብሯል። እየተጎተተ ጥላ ስር ደርሷል። ሦስት ጋሎን ባዶ፣ አንድ ጋሎን ሙሉ አጠገቡ ነበር፤ ሙሉውን አልነካውም፤ ለሌላ ሰው ያስቀመጠው ነው የሚመስለው። ሐኪሙ ሳልጠይቀው፣ እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ በሕይወት ነበር አለኝ። ሐሙስ እኔ ፖስታውን እያነሳሁ ስመልስ ነበር።

ጠበቃዋ፣ ዊትኮም የምትባል ቀጭን ልጅ፣ ለቀብሩ መጣች። ነገሩን ያስረዳችኝ እሷ ናት። አፑ የናቦርን ውሎ ለነጋዴ ሸጠ፣ ነጋዴው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሸጠ። እሷ የዳኛ ማዘዣችሁ የት አለ ብትላቸው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ረጋ ብሎ፣ ማዘዣ ለምን ያስፈልገናል፣ ቤቱን አልፈተሽን፣ ስልኩን አልጠለፍን፣ ገበያ ላይ ያለ ነገር ነው የገዛነው አላት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አልኩ። እኔ ለአንዲት ደብዳቤ ሸሪፍ የመለስኩ ሴት፣ የናቦርን እግር እርምጃ በእርምጃ ለገበያ ያወጣሁት በጣቴ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ አልኳት። ያን ሁሉ ወር የት እንዳለ በደቂቃ ሲያውቁ የነበሩት ሰዎች፣ ወድቆ ሁለት ቀን ሲጠራ የት መሰላቸው? ወረቀቷን አገላበጠች። በእነሱ ዘንድ ቤቱ ነበር አለችኝ፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ጋ።

ግሪሴልዳ ደውላ አፑን ከስልክሽ አጥፊው፣ ስልኩንም ጣዪው አለችኝ። እሺ አልኳት፤ ግን አላጠፋሁትም። እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወንበር ይዤ አጥሩ ጥግ፣ ከዛፉ ስር እወጣለሁ። ስልኩን ኪሴ ውስጥ አድርጌ አርባ ደቂቃ እቀመጣለሁ። ውሎዬን የገዛ ይየኝ። የት ነሽ የሚለኝ ሌላ ሰው የለም።